ስም ብቻ የተቀመጠበት ዳስ

ይህን ነገር አዛብቼ አስታውሼው ይሆናል። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አንዱ ተነሥቶ «ኧረ እንዲያ አልነበረም» እንዳይለኝ ነው። ድግስ ለትዝታ አይመችም። አንድ ዳስ ውስጥ አብረው የዋሉ ሁለት ሰዎችን ብትጠይቁ፣ ከላይ የተቀመጠው ስለ ጮማው ይነግራችኋል፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ስለ ነፋሱ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ጨርሶ አልተቀመጥሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ የቆመ ሰው ትዝታ ነውና በዚያው ልክ ያዙልኝ።

ሞያ መቀየር በእኛ አገር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሚስቱን የፈታ ሰው ሽማግሌ ይላክለታል፤ የመንግሥት ሥራ የለቀቀ ሰው ግን ጸበል ነው የሚታዘዝለት። እኔ ቀያሽ ነበርሁ። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርሁ የገበሬ ማሳ እለካ፣ ድንበር እተክል ነበር። ልኬቱን አልጠላሁትም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ካልለካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የሚፈቅድልኝ ባገኝ ደግሜ ብለካ ደስ ይለኛል። የጠላሁት ከልኬቱ በኋላ የሚመጣውን ነው። አብረው ማኅበር የሚጠጡ ጎረቤታሞች በአንዲት ስንዝር መሬት ዱላ ሲማዘዙ፣ መሐል ቆሜ ሜትሬን እንደ ጋሻ የያዝሁበት ቀን ብዙ ነው።

ድግስ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበርሁ። በተጠራሁበት ሁሉ ከመብላቴ በፊት የተንጋደደ ወንበር አቀናለሁ፤ የድምፅ ማጉያው ሽቦ የሰው እግር እንዳይጠልፍ ወደ ዳር እስበዋለሁ፤ ኬክ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ካየሁ አላስችል ይለኛል። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ይህን ታዝቦ «አንተ ሥራ ላይ እንግዳ ነህ፤ ድግስ ላይ ግን ባለ ሥራ ነህ» አለኝ። ሊሰድበኝ ነበር። እኔ ምክር አድርጌ ወሰድሁትና፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ የድግስ አዘጋጅ ሆንሁ።

ከተማችን ይህን ሥራ «ዲኮር» ነው የሚለው። ዲኮር ማለት መጋረጃው ነው፣ የእኔ ሥራ ግን ከጥሪው እስከ ሽኝቱ ሙሉውን ድግስ ማሰናዳት ነው እያልሁ ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ። ሰዎቹ እስክጨርስ በትዕግሥት ያዳምጡኝና «ገባን፤ ታዲያ መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ይሉኛል። በመጨረሻ እኔም ተሸነፍሁ። «ነጭና ወርቃማ» ማለት ጀመርሁ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ትርንጎ ትባላለች። ፍኖተ ሰላም ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላት። አባቷ አቶ ስማቸው ግን ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሙሽራው ደግሞ የቡሬ ልጅ ነው። ጥር ውስጥ ልትዳር ስትል የመጣችው እኔ ዘንድ ነው፤ በአክስቷ ልጅ ምርቃት ላይ ወንበር ሳቀና አይታኝ ኖሯል። «ሰርጌ በአባቴ ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ብቻ እንዳይዝረከረክ» አለችኝ።

እንዳይዝረከረክ! ይህን ቃል ስሰማ ልቤ ከሙሽራው ልብ ቀድሞ ዘለለ።

ያን ዕለት ለራሴ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ነገርሁት። ይህ ሰርግ ከሠመረ በሥራው እቀጥላለሁ፤ ከተበላሸ ፈቃዴ ሲያልቅ ሜትሬን ይዤ ወደ ማሳው እመለሳለሁ። የተበላሸ የገጠር ሰርግ ደግሞ ወሬ ነጋሪ አይፈልግም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጅጋ እስከ ደምበጫ ያለ ገበያተኛ ሁሉ ከእህሉ ጋር ይሸምተዋል።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ዳሱ ገና ምሰሶው ሲተከል ደርሼ ርዝመቱንም ወርዱንም ለካሁ። ነጭ ሽፋን ያላቸው ወንበሮች ከፍኖተ ሰላም በአይሱዙ አስጫንሁ። በክር እየተመራሁ መስመር አስያዝኋቸው። ከዚያ ደግሞ የኮራሁበትን ነገር አደረግሁ። ከትርንጎና ከእናቷ ጋር ተቀምጬ የተጠሪዎቹን ማዕረግና ዝምድና ጠየቅሁ፤ የእያንዳንዱን ስም በሚያምር ጽሑፍ በካርድ ላይ ጻፍሁ፤ ካርዱንም እንደየክብራቸው በየወንበሩ ላይ አቆምሁት። የላይኛው ወንበር የደብሩ መምህር የመሪጌታ ጥበቡ ነው። ከዚያ የነፍስ አባት፣ ከዚያ የአባት ወገን፣ ከዚያ የእናት ወገን፣ እያለ እስከ በሩ ይወርዳል። ጥበብ ነው እላችኋለሁ።

አቶ ስማቸው ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ አጋፋሪው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

እንግዳውን ከበር ተቀብሎ እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጠውን ሰው ማለታቸው ነው። «ወረቀቱ ነዋ፣ አባቴ» አልሁ። «ሁሉም ስሙን አይቶ ከቦታው ይቀመጣል። ግርግር የለም፣ መጓተት የለም።»

አንዱን ካርድ አነሡና ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት።

«ወረቀት እጅ አለው እንዴ?» አሉ። ከዚያ እንዳይጣመም ተጠንቅቀው ከቦታው መለሱት። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልሁ።

የሰርጉ ቀን ፀሐይ ወጣ ስትል እንግዳው ይመጣ ጀመር። ቀድመው የደረሱት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። በመስመሩ መሐል በዝግታ እያለፉ፣ ካርዱን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ እስከ ላይ ወጡ። ስማቸውን አገኙት። ጎንበስ ብለው አነበቡት። «የእጅህ ጽሑፍ እንዴት ያለ ነው! ብራና ላይ ብትጽፍ ይሻልህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ዞሩ። የመጡበትን መንገድ ይዘው ወረዱና ከበሩ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ሮጥሁ። «አባታችን፣ ቦታዎ እኮ ከላይ ነው።»

«አይቸዋለሁ፤ እግዜር ይስጥህ።»

«ታዲያ ይውጡ እንጂ!»

«እዚህ ነፋሻማ ነው፤ ተስማምቶኛል።»

አሁን እናንተ ነገሩ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ አልገባኝም ነበር። ሰርግ የተጠራ ሰው ዝቅ ካለው ስፍራ እንዲቀመጥ በወንጌል የተጻፈውን ለመንደሩ ሲያስተምሩ የኖሩት እኒሁ መሪጌታ ናቸው። ስማቸው ከላይ ስለ ተጻፈ ብቻ በገዛ እግራቸው ወጥተው «እኔ ነኝ ትልቁ» ብለው እንዲቀመጡ ነበር የጠበቅሁት። ካርዱ ባይኖር ምናልባት መሐል ላይ ያርፉ ነበር። ስማቸውን ካነበቡ በኋላ ግን በሩ ብቻ ቀረላቸው።

ቀጥሎ የነፍስ አባት መጡ። መሪጌታ ከበር ተቀምጠው ሲያዩ እንዴት ከእሳቸው በላይ ይውጡ? ከደጁ ወጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ግንድ ላይ አረፉ። የአባት ወገን መጣ፤ የነፍስ አባት ደጅ ናቸው። እነርሱ ወደ አጥሩ ሄዱ። የእናት ወገን መጣ፤ ከአጥሩ ወዲያ የቀረው የሰው ሽንብራ ማሳ ነው። እዚያው ዳሩ ላይ ቆሙ። እኔ ከበር እስከ ላይ የደረደርሁትን ማዕረግ ሕዝቡ አንድ ሰው ሳያዛንፍ ከበር እስከ ማሳ ገልብጦ ደረደረው።

የሚገርማችሁ፣ ከእነዚህ ሰዎች ግማሾቹን በሥራዬ አውቃቸዋለሁ። ድንበራቸውን የለካሁት እኔ ነኝ። ማሳ ላይ አንድ ስንዝር አልለቅም ብሎ ሲሟገት ያነጋ ሰው፣ ዳስ ውስጥ ሙሉ ወንበር ለቅቆ ውጪ ይቆማል። መሬቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ራሱን ወደ ኋላ። ይህን በየትኛው ሜትር ትለኩታላችሁ?

ዳሱ አምሮ፣ ተሸልሞ፣ ስም ብቻ ተቀምጦበት ቀረ።

እንግዲህ የተማርሁትን ሞከርሁ። ማይክሮፎኑን አነሣሁና «የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እባካችሁ በየስማችሁ ቦታችሁን ያዙልን» አልሁ። ባሰ። ድምፁ እስከ ማሳው ስለ ተሰማ፣ አሁን ከቆመበት የሚነቃነቅ ሰው ሁሉ ክብር ፈልጎ መነሣቱ በአደባባይ ሊታይ ነው። ብድግ ብለው የነበሩ አንድ አጎት እንኳ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

በዚህ መሐል ከማንኩሳ በኩል የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባ ተሰማ። አቶ ስማቸው ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አማቾቼ ባዶ ዳስ ሊገቡ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስማቸው ሰው የለውም ሊባል ነው?»

ትርንጎ በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ ስታየኝ አየሁ። እኔም ሜትሬን፣ አለቃዬን፣ ያን የማሳ ዱላ አሰብሁ። ከዚያ ግን «አይሆንም» አልሁ። ወረቀት እጅ ከሌለው እኔ አለኝ።

ማይክሮፎኑን አስቀመጥሁ። ግን ከማን ልጀምር? እንግዲህ ልማድ አይለቅም፣ ቆሜ አሰላሁ። መሪጌታ ትልቅ ስለ ሆኑ ከወንበራቸው ከሸሹ፣ ከሁሉ ርቆ የቆመው ከሁሉ የከበረው ነው። ከሽንብራው ማሳ ማዶ፣ ከእንግዳው ናቸውም አይደሉምም የማይባሉ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ዳሱ የሚያጮልቁ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ከእሳቸው የራቀ የለም። በረርሁና እጃቸውን ያዝሁ።

«ይግቡ አባቴ!»

«ኧረግ! ማ? እኔ? እኔ አላፊ አግዳሚ ነኝ፣ ልጄ።»

«ሁላችንስ በዚህ ዓለም አላፊ አግዳሚ አይደለን? ይግቡ!»

«ኧረ ተው፣ ቸኩያለሁ!»

«በሞቴ!»

«አትሙት እንጂ! አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ…»

«እኔን ይቅበሩኝ! አፈር ስሆን!»

ልኬት ስጽፍ እንኳ «በግምት» የምትለዋን ቃል ከጎኑ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ስለ ሞቴ ቅንጣት ሳልጠራጠር ማልሁ። በሞት የተማለበት ሰው ደግሞ እንቢ ካለ ነውሩ የራሱ ነው። እያመነቱ፣ እየተጎተቱ፣ «ምን ጉድ ነው ዛሬ» እያሉ ገቡ። ካርዱን ገልብጬ ከላይኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። እንቢታቸው ከሰው ሁሉ የጠና ነበርና፣ ልቤ «አዎ፣ ትልቁ ሰው እኒህ ናቸው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት! ከላይ ሰው ተቀምጧል። ማንም ይሁን፣ ተቀምጧል። ስለዚህ ሁለተኛው ወንበር ትዕቢት መሆኑ ቀረ። መሪጌታን ሄጄ እጃቸውን ስይዝ «እንግዲህ ትልቅ ሰው ከተገኘማ» ብለው ተነሡ። መሪጌታ ሲነሡ የነፍስ አባት ተነሡ። ከዚያ እኔም አላስፈለግሁም። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «ኧረ ልጄ ይሙት፣ ካንተ በላይ አልወጣም!» «ዝም ብለህ ግባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!» እየተባባሉ፣ እየተጓተቱ፣ አንዱ የአንዱን ጋቢ ጫፍ እየሳበ፣ ካርዶቼን እየረገጡ ዳሱን ሞሉት። ከፈለጋችሁ ዝርክርክ በሉት። የሙሽራው ወገን ከበሩ ሲደርስ ግን ሕዝቡ ግጥም ብሎ ተቀምጦ፣ እልልታው ዳሱን ሊያነሣው ደርሶ ነበር። አቶ ስማቸው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሰማይ አዩ።

ተበላ፣ ተጠጣ። የምርቃት ሰዓት ሲደርስ መሪጌታ ወደ ላይ ዞር አሉና «ከእኔ በላይ ያሉ አባት እያሉ እኔ አልመርቅም» አሉ። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። የሚሸሹበት የለም። ተነሡ።

«የወጣባችሁ ይመለስ። የጠፋባችሁ ይገኝ። ደጃችሁ ኮቴ አይራቀው። ፈልጎ ከማጣት ይሰውራችሁ!»

አሜኑ ዳሱን አናወጠው። አንዲት እናት አለቀሱ። እኒህ ሰው ከልባቸው ነው የመረቁት፤ ይህ ለማንም ያስታውቅ ነበር።

ድግሱ ሊያበቃ ሲል የሙሽራው አጎት አቶ አዱኛ ጠሩኝ። ቡሬ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው።

«አንተ ነህ አዘጋጁ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስንት ሰርግ ሄጃለሁ፤ ቀድሞ የሚቀመጥ ጠፍቶ ሰው ሲገተር ነው የሚውለው። እዚህ ግን ስንገባ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከፋሲካ በኋላ ልጄን እድራለሁ፤ ሥራው ያንተ ነው።» ደስታዬን ዋጥ ሳላደርግ ቀጠሉ። «ያንን የመረቁትን አባትም አምጣቸው። ምርቃታቸው አንጀቴ ገብቷል።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ወዲያው አቶ ስማቸውን «እኒያ አባት ማናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። «የሙሽራው ወገን አይደሉም እንዴ? እኔማ ቀድሞ የመጣ የአማቾቼ ሰው ብዬ ነው» አሉ። የሙሽራውን ወገን ጠየቅሁ። «የእናንተው ትልቅ አባት መስለውን!» አሉ። ወደ ወንበራቸው ሮጥሁ። ሄደዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፍለጋ ነው። ፈቃዴ እያለቀ ነው፤ አቶ አዱኛ «አባትዬውን አገኘሃቸው?» እያሉ ይደውላሉ፤ እኔ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሰው እፈልጋለሁ። ማንኩሳን አዳረስሁ። በየገበያ ቀኑ ጅጋ እየሄድሁ ከጎን ወደ ጎን ተመላለስሁ። ሰው «ምን ዓይነት ሽማግሌ?» ሲለኝ «ዱላ የያዙ፣ ጋቢ የለበሱ» እላለሁ። ገበያው ሁሉ ዱላ ይዞ ጋቢ ለብሷል። «እሱ እኔ ነኛ!» እያለ የቀለደብኝም አልታጣ። ተስፋ መቁረጥ ግን አላማረኝም። ማሳ በመለካት ያተረፍሁት አንድ ነገር ቢኖር የጀመሩትን መስመር እስከ ዳር መሄድ ነው።

አንድ ቀን ከከብት ተራው አገኘኋቸው። አያ ታረቀኝ ይባላሉ፤ ከጅጋ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው። ገና ሲያዩኝ ዱላቸውን አስቀደሙ።

«ደግሞ መጣህ? ዛሬ እንኳ አልገባልህም!»

«አባቴ፣ ለምን እንግዳ አለመሆንዎን አልነገሩኝም?»

«አላልሁህም? አላፊ አግዳሚ ነኝ አላልሁህም? ቸኩያለሁ አላልሁህም? አንተ ይቅበሩኝ ስትለኝ ምን ልሁን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማንኩሳ የገዙት በሬ ጠፍቶባቸው፣ ወደ ቀድሞ ጌታው ተመልሶ ይሆናል ብለው ሲፈልጉ፣ የዳሱን ድምፅ ማጉያ ሰሙ። ሰው ከተሰበሰበበት ያየው አይጠፋም ብለው ሊጠይቁ ከሽንብራው ማሳ ማዶ ቆሙ። ከዚያ እኔ መጣሁ።

«በሬውስ?» አልሁ።

«ጠግቤ ቤቴ ስገባ ከደጄ ቆሞ አገኘሁት። አመሸህ የሚለኝ ነው የሚመስል።»

አሁን እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ዝም ብዬ እኒህን ሰው ነጭ ጋቢ አልብሼ «ታላቁ አባት» ብዬ ቡሬ ማቅረብ አንዱ ነው። ማንም አያውቅም ነበር። ግን በተሳሳተ ልኬት ላይ ቤት አይሠራም። ቡሬ ሄድሁና እህል ከተከመረበት መጋዘን በር ላይ ለአቶ አዱኛ ሁሉንም ነገርኋቸው። «አዋቂም ዘመድም አይደሉም፤ በሬ ጠፍቶባቸው ነው። ጎትቼ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። ሥራውን ቢከለክሉኝ አልቀየምም» አልሁ። እንደምቀየም ግን አውቃለሁ።

አቶ አዱኛ ከመጋዘኑ በር ተደገፉ። ከዚያ ሆዳቸው መነቅነቅ ጀመረ፤ ሳቁ ቆይቶ ነው የተሰማው።

«ለካ ለዚህ ነው! እኔም እንዲያ ከልቡ የመረቀ ሰው አይቼ አላውቅም። በሬ የጠፋበት ሰው ነዋ!» እንባቸውን ጠረጉ። «ሥራው ያንተው ነው። እሳቸውም ይምጡ፤ እንዲያውም ጥሪያቸውን ራሴ እልካለሁ። ብቻ በሬውን አስረው ይምጡ።»

በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ጸበልም ታዘዘልኝ።

ቡሬ ላይ አንድም የስም ካርድ አልጻፍሁም። ወንበሩን በክር አሰለፍሁ፤ መጋረጃው ነጭና ወርቃማ ሆነ፤ ከዳሱ በር ላይ እጄን አዘጋጅቼ ራሴ ቆምሁ። አያ ታረቀኝ ታጥበው፣ አዲስ ጋቢ ደርበው፣ በክብር ተጠርተው መጡ። ከበሩ ሲደርሱ ጥግ ያለች አንዲት ወንበር አዩና «እኔ እዚሁ ይበቃኛል፤ ነፋሻማ ነው» አሉ። አሁን እውነተኛ የክብር እንግዳ ሆነዋላ! «በሞቴ» አልሁ። «አትሙት» አሉ። ወጡ።

የምርቃቱ ሰዓት ሲቃረብ ፊታቸውን አየሁት። እርጋታቸው በዝቶብኝ፣ ምንም ያልጠፋበት ሰው እንደዚያን ቀን ከልቡ ይመርቃል ወይ የሚል ጥርጣሬ ገባኝ። ከዳሱ ጀርባ ዞርሁና ወደ ቤታቸው ደወልሁ። ባለቤታቸው አነሡ። ጥያቄዬን እንድደግምላቸው አደረጉኝ፤ ደገምሁላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ወጥተው አይተው ተመለሱ።

በሬው ታስሯል።